ቢያንስ ሳህኑ በስሏል

የምነግራችሁ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። እኛ የባርሎ ሰዎች፣ ሚዙሪ ወንዝ ዳር ያለነው፣ በውሸት የታወቅን መሆናችንን አልክድም። አንድ ዓመት ብርዱ ከመጥናቱ የተነሳ አምባዛ ከወንዝ ወጥቶ የፖስታ ቤቱን በር አንኳኳ ይባላል፤ ኮፍያ አድርጎ ነበር ብዬ የጨመርኩበት እኔ ነኝ። ይህችን ግን እንዳየኋትና እንደሰማኋት ነው የማወራት። ካላመናችሁኝ እጄን መጽሐፍ ላይ እጭናለሁ፤ መጽሐፍ ከጠፋም የጋለ ምድጃ ላይ።

ሆሊስ ታርቦክስ ሳሎን ውስጥ በሬሳ ሣጥን ተኝቷል። ሚስቱ ኦርፋ ጓዳ ናት፤ አሁን ከምድጃ የወጣ የኮክ ፓይ፣ ፍሬው በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ፣ በጓሮ በር በኩል ለጎረቤቷ ለዜልማ ፕሩዊት ታቀብላለች።

«ፎጣውን ደርበሽ ያዢው፣ ይፋጃል» አለቻት በሹክሹክታ።

«ሽታው ያጋልጠናል እኮ።»

«ከቤቴ ይዤው መጣሁ በያ። መቼም አፍንጫ ምስክር አይቆምም።»

ዜልማ ፓይዋን እንደ ተኛ ሕፃን አቅፋ ቤቱን በጎን ዞረች። ፊት ለፊት በረንዳው ላይ ስትደርስ ቆመችና ፊቷን ለለቅሶ አስተካከለች፤ በሩን በክርኗ ገፍታ ገባች። ወዲያው ሳሎን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ፓይዋ ዞረ። እጅሽን ይባርከው፣ ያላንቺማ ይህች ምስኪን ምን ይውጣት ነበር አሏት። ኦርፋ ጓዳ ሆና ሰማች፤ የተረፈውን ሊጥ ከጣቶቿ ላይ እየፋቀች።

በባርሎ ለቅሶ ቤት ምግብ ይዞ የሚመጣ ሰው ሳህኑ ሥር በፕላስተር ስሙን ይለጥፋል። ለቅሶው ሲያልቅ የሟች ቤተሰብ ሳህኑን ያጥብና ሥሩን አይቶ ለባለቤቱ ይመልሳል። የማን ድንች ጨው በዛው፣ የማን ዶሮ ጥሬ ነበር፣ ሁሉም በዚያች ፕላስተር ይታወቃል፤ ስንት ዝምድና በሷ ጸንቷል፣ ስንቱስ ፈርሷል። የኮክ ፓይዋ ሳህን ሥር «ፕሩዊት» ይላል። የጻፈችው ኦርፋ ናት።

ምክንያቱም ኦርፋ ምግብ የማትችል ሴት መሆኗን አገር ያውቃል። አገር ስል ባርሎን ማለቴ አይደለም፣ አሜሪካን በሙሉ ነው። ሬዲዮ ያለው ሰው ሁሉ እሁድ እሁድ ቤተሰቡን ሰብስቦ ሆሊስ ታርቦክስ ስለ ሚስቱ ስለ «ኦርፒ» ሲያወራ ያዳምጣል። ኦርፒ ውሃ ታሳርራለች። ኦርፒ የጋገረችው ዳቦ በመስኮት ቢወረወር በቅሎ ገደለ። ኦርፒ ክብሪት ስትጭር በሦስት ከተማ ያሉ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጫማቸውን ያጠልቃሉ። የሁሉም ቁንጮ ግን የፓይዋ ታሪክ ናት። ሆሊስ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቤቱ በጭስ ታፍኗል፣ ሚስቱ ዝም ብላ ተቀምጣለች፣ ፓይዋ ከሰል ሆናለች። እዚህ ላይ የጠቆረ የቆርቆሮ ሳህን ከፍ አድርጎ ለሰው ያሳያል። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ «ኦርፒዬ፣ ቢያንስ ሳህኑ በስሏል» ይላል። ሰው ከወንበሩ ይወድቃል። ሳህኑ የእውነት ሳህን ነበር፤ በሄደበት መድረክ ሁሉ በቆዳ ሻንጣ ይዞት ይዞራል። ፊልም ሲሠራም ሳህኑ አብሮ ሠርቷል።

«ኦርፒ» ደግሞ መኝታ ቤት ውስጥ ብቻ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ የሚጠራት ስሟ ነበር።

ኦርፋ እኮ በባርሎ አቻ የሌላት ፓይ ጋጋሪ ናት። አንድ ጊዜ ለአውራጃው ትርዒት ውድድር የፖም ፓይ አቅርባ ነበር። ዳኞቹ ሳይቀምሱ አጠገቡ ባልዲ ሙሉ ውሃ አስቀምጠው ፎቶ ተነሱ። ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሆሊስ ከካሊፎርኒያ ደውሎ እስኪያስለው ሳቀ፤ የሚቀጥለው እሁድ ባልዲዋ ሬዲዮ ላይ ነበረች። ከዚያ ወዲህ የኦርፋ ፓይ የሚወጣው በዜልማ ስም ነው። ዜልማ የምታገኘው ሰማያዊ የአንደኝነት ሪባን ከመብዛቱ የተነሳ ሳሎኗ ውስጥ የሚገባ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው።

ሆሊስ የሞተው ካንሳስ ሲቲ ሆቴል ውስጥ ጢሙን ሲላጭ ነው፤ ልቡ ቀጥ አለች። ከዚያ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የደወለላት ቀን ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም። «ኦርፒዬ፣ ስለ ሳህኑ ይቅር በይኝ» አላት። እሷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትንፋሹን ሰማች።

ለቅሶ ደራሹ እየበዛ ሄደ። የእሳት አደጋ አለቃው ሉተር ቦግስ ኮፍያውን አውልቆ ጓዳ ድረስ መጣ። «እትዬ ኦርፋ፣ ሐዘኑ እስኪያልፍ ምድጃው አጠገብ እንዳይደርሱ። ከፈለጉ ከነባልዲው አንድ ሰው አቆምልዎታለሁ» አላት። ክፋት የለውም፣ ሊያስቃት ነው። ፈገግ አለችለት። ፈገግ ማለት ለምዳለች።

ሣጥኑ አጠገብ የቆሙት ወንዶች የሆሊስን ውሸት እየተቀባበሉ ነው፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ ከሩቅ ለሚያይ የሚያለቅሱ ይመስላሉ። ኦርፋ ቡና እየቀዳች በመሃላቸው አለፈች። አስከሬን ገናዡ የሆሊስን እጆች ደረቱ ላይ አመሳቅሎ መዳፎቹን ወደ ታች አድርጓቸዋል። ጥሩ አደረገ፣ አለች በልቧ። መዳፎቹን ሰው እንዲያይበት አልፈለገችም።

ስታውቀው በቅሎ ነጂ ነበር። ወደ አባቷ ወፍጮ ቤት እህል ይዞ ይመጣና እህሉ እስኪፈጭ በር ላይ ተቀምጦ ያወራል። በቅሎዬ ከመዘግየቷ የተነሳ ጥላዋ ቀድሟት እቤት ይገባል ይላል። ኦርፋ ዱቄት እንደለበሰች እየሳቀች፣ ይሄ እውነት አይደለም አለችው። «ግማሹ እውነት ነው» አላት። የትኛው ግማሽ ስትለው፣ «ካገባሽኝ እነግርሻለሁ» አለ። አገባችው። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ አባቷ አንድ አዲስ የቆርቆሮ የፓይ ሳህን አንስቶ ሥሩ ላይ በሚስማር «ኦርፋ» ብሎ ጫረና ሰጣት። የሠርግ ስጦታ በሉት።

ከሰዓት በኋላ ግራጫ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ፀጉሩ በቅባት የተለጠጠ ሰው መጣ። ሚስተር ፔል ይባላል፤ የሬዲዮው ኩባንያ ሰው ነው። የቆዳ ሻንጣውን የመመገቢያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እንደ ታቦት ከፈተው። ሳህኑን አወጣ።

ኦርፋ ሳህኑን ከጠቆረባት ቀን ወዲህ በቅርብ አይታው አታውቅም። መድረክ ላይ እንጂ ቤት አያመጣውም ነበር።

ሚስተር ፔል ነገሩን ሁሉ ጨርሶታል። ነገ ቀብሩ በሬዲዮ ለአገር በሙሉ ይተላለፋል። ፓስተሩ ሲጨርስ ኦርፋ ትነሳለች፣ ሳህኑን ከፍ አድርጋ ትይዛለች፣ ያቺን ቃል ትላለች። ሰው በዕንባ መሃል ይስቃል። ከዚያ ሳህኑ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ መስተዋት ሥር ይቀመጣል፣ «ኦርፒ ያቃጠለችው» ከሚል የናስ ጽሑፍ ጋር፤ ናሱ ተቀርጾ አልቋል።

«ካቃተኝስ?» አለች ኦርፋ።

«አይጨነቁ ወይዘሮ ታርቦክስ። ሚስ ፍሬይ መንገድ ላይ ናቸው። ከከበደዎት እሳቸው ይሉልዎታል። እውነቱን ለመናገር ሰው ያንን ቃል የሚያውቀው ከሳቸው ጋር ነው።»

ማዶሊን ፍሬይ በፊልሞቹ ላይ ኦርፒን ሆና የምትሠራው ተዋናይ ናት። እሷ ስትገባ በቤቱ ውስጥ የተፈጠረውን ብነግራችሁ ታፍራላችሁ፣ እኔም አፍራለሁ፣ እነግራችኋለሁ። ጥቁር ዓይነ ርግቧን ገልጣ ሣጥኑ ላይ ጎንበስ ስትል፣ ለቅሶ ደራሹ ከኦርፋ ፊት ተነስቶ ወደሷ ተሰለፈ። አንድ በአንድ እጇን እየጨበጡ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እንዴት ቻልሽው፣ አሏት። ሴትዮዋ ደንግጣ፣ ኧረ እኔ አይደለሁም ለማለት ሞከረች፤ ግን ማልቀስ የምትችል ሰው ነበረችና ዕንባው ቀደማት። ፓስተሩ ሳይቀሩ ትከሻዋን ደገፉ። ኦርፋ የሴትዮዋን ካፖርት ተቀብላ ክንዷ ላይ ይዛ ቆመች። ከሩቅ ከተማ የመጣ አንድ ሰው ባዶ ስኒውን ወደሷ ዘረጋ፤ ቀዳችለት።

ሲመሻሽ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ማዶሊን ፍሬይ ውሃ ልትጠጣ ጓዳ ገባች። ኦርፋ ከምድጃ ሌላ ፓይ እያወጣች ነበር፤ ጠርዙ እንደ ጥልፍ የተቆነጠጠ፣ ወርቅ የመሰለ። ተዋናይዋ ፓይውን አየች፣ ጠረጴዛው ላይ «ፕሩዊት» የተጻፈባትን ቁራጭ ፕላስተር አየች። ሞኝ አልነበረችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እናቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «ያንን ትርዒት ስንት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ፓይው ሲቃጠል ኦርፒ ለምን ዝም ብላ እንደተቀመጠች ገብቶኝ አያውቅም። ሰው ጭስ እያየ እንዴት ዝም ብሎ ይቀመጣል? ሆሊስን ስጠይቀው፣ የተቃጠለ ፓይ የሚባል ነገር የለም፣ ከጭንቅላቴ ነው ያወጣሁት ይለኛል።»

ኦርፋ ፎጣውን እጇ ላይ እንዳደረገች ቆመች። ሲሳቅባት የኖረውን ሁሉ ችላዋለች። ይህችን ግን አላወቀቻትም ነበር። ከጭንቅላቴ ነው ያወጣሁት።

«ከጭንቅላቱ አላወጣውም» አለች። «ሴት ልጅ ነበረችን። ኔቲ። ጉሮሮዋን የሚያፍን በሽታ ያዛት። ሆሊስ ሐኪም ሊያመጣ ወንዙን ተሻገረ። በነጋታው ጠዋት ትኩሳቷ በረደላት፣ ተኛችልኝ። ደስ ሲለኝ ተነስቼ ፓይ ሠራሁ፤ ሲመጣ እንዲያገኘው። ምድጃ ውስጥ ከትቼው ዞር ብዬ ሳያት መተንፈስ አቁማለች። አነሳኋትና ተቀመጥኩ። ጭሱን አላየሁትም፣ የኔ ልጅ። አላየሁትም።»

«እሱስ?»

«ገባ። እኛን አየ። ምድጃውን ከፍቶ ሳህኑን በባዶ እጁ አወጣው። ይዞት ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሐኪሙ ነው ከእጁ ያላቀቀው፣ ቆዳው ተጣብቆ።»

ማዶሊን ፍሬይ ውሃዋን ሳትጠጣ ወጣች።

ከኔቲ በኋላ ሆሊስ ማውራት አቆመ። ውሸትም እውነትም አይወጣውም። ለበቅሎዎቹ እንኳ በጅራፍ እንጂ በቃል አይናገርም። ሁለት በጋ እንደዚያ አለፈ። ከዚያ በቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ላይ የአይስክሬም ግብዣ ነበር፤ ሰዎች ገፋፍተው ጋሪ ላይ አወጡት። ስለ አምባዛ አንድ ሁለት ነገር አለ፤ አልሳቁም። ላብ አጠመቀው። ድንገት ስለ ሚስቱና ስለ ተቃጠለ ፓይ ጀመረ። ሕፃን የለም፣ ሐኪም የለም፤ ጭስ፣ ፓይ፣ ሳህን። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሆሊስ ከጋሪው ላይ ሆኖ ኦርፋን በዓይኑ ፈለጋት፤ አይስክሬሙ የሚዘወርበትን በርሜል እጀታ ይዛ ቆማለች። ልቀጥል ወይስ ልተው የሚል ዓይን ነበር። ሁለት በጋ ሙሉ ጥርሱን አላየችም። ፈገግ አለችለት።

ያቺን ፈገግታ ለአንድ ከሰዓት ያበደረችው መስሏት ነበር። እሱ ግን አልመለሳትም። ከጋሪ ወደ ድንኳን፣ ከድንኳን ወደ ትልልቅ መድረክ፣ ከዚያ ወደ ሬዲዮና ወደ ፊልም ይዟት ሄደ። አንድ ቀን ተው አለችው። «ሰው እኮ ይወድሻል» አላት። የሚወዷት እሷን እንዳልሆነ ስትነግረው፣ ኮፍያውን አድርጎ ባቡር ጣቢያ ሄደ። ስለ ኔቲ ግን አንድ ቀን እንኳ፣ ለእሷም ቢሆን፣ ትንፍሽ አላለም። በሳቁ ሥር ቀበራት። ሚስቱን ደግሞ ከላይዋ መቃብር ጠባቂ አድርጎ አቆማት።

በቀብሩ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ማይክሮፎኑ ከሣጥኑ አጠገብ ቆሟል። ፓስተሩ ጨረሱ። ሚስተር ፔል በጣቱ ምልክት ሰጠ፤ ኦርፋ ተነሳች። በጨርቅ የተሸፈነውን ሳህን ይዛለች። ጨርቁን ገለጠችው።

ሳህኑ ያበራል። ጠዋት በአመድና በአሸዋ ፈግፍጋው፣ ያ አገር በሙሉ የሚያውቀው ጥላሸት የለም፤ የመስኮቱ ብርሃን አርፎበት የፓስተሩን ዓይን መታው። ሚስተር ፔል ፊቱ እንደ ሊጥ ነጣ። በጭንቅላቱ ወደ ማዶሊን ፍሬይ ምልክት ሰጠ፣ ተነሺ፣ አድኚን። ሴትዮዋ ጓንቷን አየች፤ አልተነሳችም።

ኦርፋ ማይክሮፎኑ ፊት ቆማ ዝም አለች። ከመቆየቷ የተነሳ በመላው አገር ሰው ሬዲዮው የተበላሸ መስሎት በጥፊ መታው። ነብራስካ ውስጥ አንዲት ሴት ሬዲዮዋን በመጥረጊያ እንጨት ደብድባ ባሏን ከእንቅልፉ ቀሰቀሰችው ይባላል።

«ይህች ፓይ የእውነት ተቃጥላለች» አለች በመጨረሻ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ልማድ ነው፤ አይፈረድበትም። ሌሎችም ተከተሉት፣ ቃሏ እየመጣች ነው ብለው አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ።

«የተቃጠለችው ልጃችን የሞተች ቀን ነው። ስሟ ኔቲ ነበር።»

ሳቁ እንደ ተቆረጠ ገመድ ወደቀ። ኦርፋ ሳህኗን በጨርቅ ጠቅልላ ተቀመጠች። ሚስተር ፔል ኦርጋን ተጫዋቹን በእጁ ጎሰመው፤ ዜማ ተጀመረ።

ከቀብር መልስ ሰው ቤት መጣ፤ አለመምጣት አይቻልም፣ ሳህኑ ሁሉ እዚያ ነው። ሹካና ስኒ ብቻ ይሰማል። ኦርፋ ከጓዳ ወጣች። በጓሮ በር አይደለም፣ በሳሎኑ መሃል፤ በዚያች ሳህን የጋገረችውን የፖም ፓይ ይዛ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቆረሰች። ማንም እጁን አልዘረጋም። አሥር ዓመት ሙሉ የሳቁበትን ነገር ወደ አፍ መውሰድ ቀላል አይደለም። በመጨረሻ ሉተር ቦግስ፣ እሳት አልፈራም የሚለው፣ ቁራሽ አነሳ። ጎረሰ። ማኘኩን አቆመ። እንደገና ጎረሰ።

«ይሄማ የዜልማ ፓይ ነው» አለ።

ዜልማ መስኮቱ አጠገብ አቀርቅራ ነበር።

«ሥሩን አንብበው» አለችው ኦርፋ።

ሉተር ሳህኑን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አነሳና ከሥር አንጋጦ አየ። ፕላስተር የለም። በሚስማር የተጫረ ስም አለ። ሳህኑን እንዳነሳው ለሚቀጥለው ሰው አሳየ፣ ያም ለሚቀጥለው። ሳህኗ በሰው ራስ ላይ እየተሻገረች ሳሎኑን ዞረች፤ ፓይዋ ከላይዋ እያለች አንዲት ፍርፋሪ አልወደቀችም።

ሰው ሲበተን ዜልማ ጓዳ ገብታ ማድረቂያ ጨርቅ አነሳች። ኦርፋ ታጥባለች፣ እሷ ታደርቃለች፤ ሳህኖቹን በየስማቸው ይደረድራሉ።

«ሪባኖቹን ላምጣልሽ?» አለች ዜልማ።

«ተያቸው፣ ግድግዳሽ ይበርደዋል።»

ዜልማ መሳቅም ማልቀስም ፈልጋ ሁለቱም አንድ ላይ መጡባት። ኦርፋ የመጨረሻውን ሳህን፣ የራሷን፣ ብቻዋን አጠበችው። ጠርዙ ላይ በአመድም በአሸዋም ያላነሳችው አንድ ጥቁር ነጥብ አለ፤ አውራ ጣት የምታክል፣ ሆሊስ የያዘበት ቦታ። ጨርቁን ዙሪያዋን አዙራ አለፈቻት።

እንግዲህ ሁሉም እውነት ነው ብያለሁ፤ አንዲት ነገር ግን ጨምሬበታለሁ። ሆሊስ ይቅር በይኝ አላላትም። ለሞተ ሰው አዘንኩና እኔ ነኝ አፉ ውስጥ ያስገባሁለት። ስልኩ ደውሏል፤ ያለው፣ ቡናማ ጫማዬን ረስቻለሁና ላኪልኝ ነው። ኦርፋ ጫማውን በቀለም አብሳ፣ በወረቀት ጠቅልላ፣ በሲባጎ ጠበቅ አድርጋ አስራ በባቡር ላከችለት። ሆቴሉ የደረሰው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ከሣጥኑ ጋር ተመለሰ፤ ሲባጎው እንደታሰረ። እሷም አልፈታችውም። አልጋው ሥር፣ በሱ በኩል፣ አስቀመጠችው።